በትንሽ ገንዘብ የተሠሩ የአሜሪካ አስፈሪ ፊልሞች

ከእነዚህ ፊልሞች አብዛኞቹ የተሠሩት ከትልልቆቹ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ውጭ ነው። ብዙዎቹን የቀረጹት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ጊዜውም ገንዘቡም አጭር ነበር። ሲወጡ ያጣጣላቸው ሃያሲ ብዙ ነው። ተመልካቹ ግን አልለቀቃቸውም፤ ዛሬም ደጋግሞ የሚያያቸው ታማኝ አድናቂ አላቸው። በአማርኛ በቅጡ የተሰናዳ ጽሑፍ ስለማይገኝ ዋና ዋናዎቹን እዚህ ሰብስበናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1950ዎቹ ቴሌቪዥን ሰውን ከሲኒማ ቤት እያስቀረ ነበር። ሲኒማ ቤቶችም ወጣቱን የሚጎትት ርካሽ ፊልም ፈለጉ። ይህ ከገባቸው አንዱ ዳይሬክተሩ ዊሊያም ካስል ነው። በ1958 «ማካብር» የተባለውን ፊልሙን ሲያወጣ፣ በድንጋጤ ለሚሞት ተመልካች 1,000 ዶላር የሚከፍል የሕይወት ኢንሹራንስ ገባ። በ1959 «ዘ ቲንግለር» ሲታይ ደግሞ በአንዳንድ ወንበሮች ሥር የሚነዝር ሞተር ተገጠመ። ካስል ነጋዴ እንጂ ፊልም ሠሪ አይደለም የሚሉ አሉ። ይህ ግን ልክ አይመስለንም። በዚሁ ጥቁርና ነጭ ፊልም መሀል ድንገት ከቧንቧ ቀይ ደም ይፈሳል። ገንዳው በደም ይሞላል፤ ከውስጡም እጅ ይወጣል። ያ ትዕይንት ብቻውን ፊልሙን ለማየት ይበቃል።

ሌላው ዳይሬክተር ሮጀር ኮርማን በፍጥነቱ ይታወቃል። በ1960 የወጣውን «ዘ ሊትል ሾፕ ኦፍ ሆረርስ» አብዛኛውን ክፍል በሁለት ቀን ቀርጾ ጨረሰ። በጊዜው ብዙም የማይታወቀው ጃክ ኒኮልሰን፣ ጥርስ ሐኪም ቤት ሄዶ ሕመሙን የሚወድ ሰው ሆኖ ብቅ ይላል። በ1962 ደግሞ የካንሳሱ ሄርክ ሃርቪ «ካርኒቫል ኦፍ ሶልስ»ን ሠራ። እንጀራው የትምህርትና የፋብሪካ ፊልም መሥራት ነበር። ሶልት ሌክ ሲቲ አጠገብ ባዶውን የቀረውን የሶልቴር መዝናኛ አዳራሽ አየና ፊልሙን በዚያ ዙሪያ ገነባው። ያለ ውድ ሜክአፕ ይህን ያህል የሚከብድ ፊልም በዘመኑ ብዙ አልተሠራም።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን በ1968 ከፔንስልቬኒያዋ ፒትስበርግ የመጣው «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ነው፤ ሙታን ተነሥተው ሰው የሚበሉበት ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሮሜሮና ጓደኞቹ ማስታወቂያ ሲሠሩ የቆዩ ወጣቶች ናቸው። መነሻው ላይ አሥር ሰዎች 600፣ 600 ዶላር አዋጡ። መጨረሻ ላይ ወጪው 114,000 ዶላር ገደማ ደረሰ። ዋናው ቦታ ኢቫንስ ሲቲ አጠገብ የነበረ፣ ሊፈርስ የተቃረበ የገጠር ቤት ነው። ስለዚህ መስኮቱን ቢሰብሩትም ግድግዳውን በሚስማር ቢበሱትም የሚቆጣቸው አልነበረም። ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፤ በጥቁርና ነጭ ማን ይለየዋል? ሙታኑ የሚሻሙበት አንጀት ግን ከሥጋ ነጋዴ የመጣ እውነተኛ የእንስሳ አንጀት ነው። ለተዋናይ የሚከፈል ሲያጥር ሠሪዎቹ ራሳቸው ገቡበት። ምድር ቤት እንደበቅ እያለ የሚጨቃጨቀው አባት፣ ካርል ሃርድማን፣ ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዱ ነው።

መሪ ተዋናዩ ዱዌን ጆንስ ጥቁር ነበር። በዚያ ዘመን በነጮች መሀል ሆኖ ትእዛዝ የሚሰጥ ጥቁር ጀግና በአስፈሪ ፊልም ውስጥ ብርቅ ነው። ሮሜሮ ደጋግሞ እንደተናገረው ጆንስ የተመረጠው በፈተናው ከሁሉም በልጦ ስለተገኘ ነው። በዚህ የሚከራከሩ አሉ፤ እኛ የዳይሬክተሩን ቃል እንወስዳለን። የፊልሙ መጨረሻ ግን ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጆንስ የሚጫወተው ቤን ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል አድሮ፣ ሲነጋ ሙታኑን እያደኑ በመጡ ነጮች ጥይት ይወድቃል። ከዚያ ፊልሙ ወደ ቆሙ፣ እንደ ጋዜጣ ፎቶ ወደ ሻከሩ ምስሎች ይለወጣል። የሥጋ መንጠቆ የያዙ ሰዎች ሬሳውን ሲጎትቱ እናያለን። ፊልሙ ለሕዝብ የታየው በኦክቶበር ነው፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደለው በዚያው ዓመት ኤፕሪል 4 ነበር። ጆንስ በኋላ በ1973 በቢል ጋን «ጋንጃ ኤንድ ሄስ» ላይም በመሪነት ተውኗል። ይህም የሚገባውን ያህል ያልተወራለት ፊልም ነው።

ሠሪዎቹ ከድካማቸው የሚገባቸውን አላገኙም። አከፋፋዩ የፊልሙን ርዕስ ሲቀይር፣ ከአሮጌው ርዕስ ጋር የነበረው የቅጂ መብት ምልክት አብሮ ጠፋ። በጊዜው ሕግ ያለ ምልክት የወጣ ፊልም የማንም አይደለም። የፈለገ ሁሉ አባዝቶ ሸጠው፤ ቴሌቪዥንም እንደልቡ አሳየው። እውነቱን ለመናገር ግን በየቤቱ እንዲገባ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። በ1999 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ከሚገባቸው ፊልሞች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

በ1970ዎቹ የቶቢ ሁፐር «ዘ ቴክሳስ ቼይን ሶው ማሳከር» እና የጆን ካርፔንተር «ሃሎዊን» መጡ። የካርፔንተሩ ነፍሰ ገዳይ ጭምብል፣ «ስታር ትሬክ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ የሚታየው የካፒቴን ከርክ መልክ ያለው የሱቅ ጭምብል በነጭ ቀለም ተቀብቶ ነው።

ከ1980ዎቹ የሚጠቀሰው የሳም ሬይሚ «ዘ ኢቭል ዴድ» ነው። የሚሽጋን ወጣቶች ቴነሲ ጫካ ውስጥ ባለች ጎጆ ቀረጹት። ውድ የካሜራ መሣሪያ ስላልነበራቸው ካሜራውን ሳንቃ ላይ አሰሩ፤ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ በጫካው መሀል ሮጠ። ጋኔኑ ዛፎቹን እየጣሰ ሲመጣ የምናየው በዚህ መንገድ ነው። በብሪታኒያ ፖሊስ የፊልሙን ካሴቶች ከየሱቁ ይሰበስብ ነበር፤ በ1984 በወጣው ሕግም የፊልም ካሴት ከመሸጡና ከመከራየቱ በፊት መመርመር ግድ ሆነ።