«ገና ሳልጠይቅሽ መለስሽልኝ»፦ ስለ ትወና የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ትርኢት አልቆ ከብሔራዊ ቴአትር ስንወጣ፣ በአንበሳው ሐውልት በኩል ቆመው የሚጠብቁን ወጣቶች አይጠፉም። አብረውን ፎቶ ይነሣሉ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዋናውን ጉዳይ ያነሣሉ። «እኔም መተወን እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» አንዳንዶቹ መልሱን ከሌላ ቦታ ሰምተው ስለሚመጡ የሚፈልጉት እንዳረጋግጥላቸው ብቻ ነው። በመድረክና በቴሌቪዥን ድራማ 18 ዓመት ሠርቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት ወደ ለገሀር ታክሲ እየተጣደፍኩ ለስንቱ ልጅ ግማሽ መልስ ሰጥቼ እንደሄድኩ ሳስበው ያሳዝነኛል። የቀረውን ግማሽ እዚህ ልጻፈው።

«ተሰጥኦ ያለው ሰው መማር አያስፈልገውም»

ይህን እኔም አምኜ ነበር። በትምህርት ቤት በወላጆች ቀን ግጥም ሳነብ አዳራሹ ሁሉ ያጨበጭብልኝ ስለነበር፣ መድረክ ላይ መቆም ብቻ የሚበቃኝ ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያ ሚናዬ የቤት ሠራተኛ ነበር። ከመጋረጃ መከፈት እስከ መዘጋት የምናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «እትዬ ቤት የሉም።» አንድ አንጋፋ ተዋናይ አንኳኩተው ይገቡና «እመቤትሽ አሉ?» ይሉኛል፤ እኔ እመልሳለሁ። በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ጥርት ባለ ድምፅ መለስኩ። ቆም ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ገና ሳልጠይቅሽ መለስሽልኝ» አሉኝ።

አልገባኝም። ቃሉን አልተሳሳትኩም፤ ጊዜውንም አላሳለፍኩም። እሳቸው ግን ልክ ነበሩ። ጥያቄውን አልሰማሁትም፤ የመጨረሻውን ፊደል ብቻ እየጠበቅኩ ነበር። በማግስቱ እንደ አበዳሪ ሆነው ገቡ። በሌላ ቀን ሴትዮዋ ጓዳ ውስጥ እንደተደበቀች እንደሚያውቅ ሰው ጠየቁኝ። አንድ ቀን ደግሞ መርዶ እንደያዘ ዘመድ እየተሳቀቁ መጡ። ያቺው «እትዬ ቤት የሉም» አንዴ ፍርሃት፣ አንዴ ውሸት፣ አንዴ ሐዘኔታ ሆና ወጣች። እኔ ምንም አልለወጥኩም፤ መስማት ብቻ ጀመርኩ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ሦስት ሳምንት ቆየን።

ተሰጥኦ የለም አልልም። አንዳንዱ ሰው ጆሮው ፈጣን ነው፤ የአንዳንዱ ሰውነት እንደታዘዘ ይሆናል። ሳይማር የቆየ ተዋናይ ግን አላውቅም። ፒያሳ ያለው ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ወረራ ደጅ ላይ በደረሰበት ወቅት፣ ሕዝብን ለመቀስቀስ በማኅበርነት ሲቋቋም ከያኒዎቹ የሚማሩት አንዱ ከሌላው ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ደግሞ ከ40 ዓመት በላይ ሲያሠለጥን ኖሯል። ሁለቱም መንገድ ሰው አፍርቷል። በሁለቱም ውስጥ ግን «ገና ሳልጠይቅሽ መለስሽልኝ» የሚል ሰው ከፊትሽ መቆም አለበት።

«ቃሉን የሸመደደ ዝግጁ ነው»

የአዲስ አበባን ቴአትር ልማድ የማያውቅ ሰው ይህን ቢያስብ አይፈረድበትም። በእኛ ከተማ አንድ ተውኔት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ የራሱ በሆነ ቀን ይታያል። ከተወደደ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። በሁለቱ ትርኢቶች መካከል ስድስት ቀን አለ፤ በስድስቱ ቀናት ውስጥ ተዋናዩ ሌላ ልምምድ አለበት፣ ቀረጻ አለበት፣ ልጅ ያሳድጋል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ቀኑ ሲመለስ ቃሉ ቦታው ላይ አለ፤ ትንፋሹ ግን ጠፍቶ ይገኛል። ስለዚህ የ11 ሰዓት ተኩል ትርኢት ያለው ሰው በ11 ሰዓት ከ20 አይደርስም። ቀድመን ተሰብስበን ጠብ ያለበትን፣ ጭፈራ ያለበትን፣ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበትን ቦታ እንደግመዋለን።

ከመርሳት የከፋው ደግሞ መልመድ ነው። ከአራትና ከአምስት ወር በኋላ አፍ ሥራውን ብቻውን መሥራት ይለምድና ጆሮ ይተኛል። ተመልካቹ ምን እንደጎደለ ላያውቅ ይችላል፤ ግን ወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ ይጀምራል። መድረክ ላይ ሆኖ የዚያን ወንበር ድምፅ እንደመስማት የሚያስደነግጥ ነገር የለም።

«ጎበዝ ተዋናይ በእውነት የሚያለቅስ ነው»

በዚህኛው ላይ ብቆይ አትፍረዱብኝ፤ ብዙ ልጆች የሚጎዱበት ነውና። ስንት ኦዲሽን ላይ «እስቲ አልቅሺ» ሲባል ሰምቻለሁ! ማን ሆኜ? ለማን? በምን ምክንያት? እንባ ያለ ታሪክ ሲታዘዝ የሚፈተነው ትወና ሳይሆን ዓይን ነው።

ወጣት ሳለሁ የልጇን ሞት የምትሰማ እናት እንድሆን ተሰጠኝ። ማልቀስ ስላቃተኝ አያቴ ያረፈችበትን ሌሊት ማስታወስ ጀመርኩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንባው ወረደ፤ ሰውም አደነቀ። በአምስተኛው ሳምንት ግን ትዝታው ደረቀ። የበለጠ ያመመኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በአያቴ ሙት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ፊቷን ለማየት ብሞክር የታየኝ የመድረኩ መብራት ነበር። የራሴን ሐዘን ሸጬ ነበር፤ መልሼ ለመግዛት ዓመታት ወስዶብኛል። ለማንም አልመክርም።

ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚያይ ልብ በሉ። ደረቷን ከምትመታው ሴት ይልቅ፣ ለመጣው ሁሉ ወንበር እያቀረበች «ቡና ጠጡ» የምትለዋን፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ ሲኒውን በሁለት እጅ የያዘችዋን አይተን ነው አንጀታችን የሚላወሰው። እናቲቱን የፈታልኝ ይህ ነው። ማልቀስ የምትፈልግ ሴት አልነበረችም፤ በእንግዶች ፊት ላለማልቀስ የምትታገል ሴት ነበረች። ትግሉን ስሠራ ተመልካቹ አለቀሰ፤ የእኔ ዓይን አንዳንዴ ረጠበ፣ አንዳንዴ አልረጠበም።

የዚህ እምነት ወንድም «እውነተኛ ጥፊ ካልሆነ አያሳምንም» የሚለው ነው። አንድ ቀረጻ ላይ ሳይነገረኝ በእውነት ተመትቼ ጆሮዬ ሁለት ቀን ጮኾብኛል። ትዕይንቱም አላማረም፤ በሚቀጥለው ቀረጻ የሰውየውን ቃል ትቼ እጁን ብቻ ስጠብቅ ነበራ። በሥርዓቱ የተሠራ ጠብ ጭፈራ ማለት ነው፤ ደረጃ በደረጃ ይለካል። ማነቅ ሲኖር እንቅስቃሴውን የሚመራው አናቂው ሳይሆን ታናቂው ነው፤ አናቂው እጁን ያሳርፋል እንጂ አይጫንም። የጥፊውን ድምፅ ከሁለቱ አንዱ ተመልካች በማያይበት በኩል በእጁ ያወጣዋል። ካሜራ ላይ ደግሞ የሚታይበት አቅጣጫ አብዛኛውን ሥራ ይጨርሳል። «አይ፣ ይህን አስቀድመን እንለማመድ» ማለት መብት ነው፤ ፍርሃት አይደለም።

«የመድረክ ሰው ለካሜራ አይሆንም»

የሚለወጠው ርቀቱ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የብሔራዊ ቴአትር አዳራሽ ከአንድ ሺህ በላይ መቀመጫ አለው፤ ከኋላ የተቀመጠው ሰውም ከፍሎ ገብቷልና ሊሰማ ይገባዋል። ካሜራው ግን አጠገብሽ ነው። መድረክ ላይ በክንድ የምትነግሪውን እዚያ በዐይን ሽፋን ትነግሪዋለሽ። ይህ በጥቂት ሳምንታት ይለመዳል።

የሚከብደው ሌላ ነው። ድራማ በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጽም። ቤቱ በቀን ኪራይ ስለሚያዝ፣ በዚያ ቤት ውስጥ የሚሆነው ሁሉ፣ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ክፍል፣ በአንድ ላይ ይቀረጻል። ጠዋት ባሌን ቀብሬ ተመልሼ፣ ከሰዓት በኋላ ከዚያው ሰው ጋር የሽምግልና ቀን ሠርቻለሁ። መድኃኒቱ ደብተር ነው። ከእያንዳንዱ ትዕይንት በፊት ከየት እንደመጣሁ፣ እስካሁን የማውቀውን፣ ገና ያልሰማሁትን እጽፋለሁ። ሲኒውን በየትኛው እጅ እንደያዝኩም ጭምር።

«ጥሬ እንቁላል ድምፅ ይከፍታል»

አይከፍትም። የሚዋጥ ነገር ወደ ምግብ ቧንቧ ይሄዳል፤ የድምፅ አውታሮች ያሉት በአየር ቧንቧው አፍ ላይ ሲሆን ስንውጥ ያ መንገድ ይከደናል። እንቁላሉም ማሩም አይነካቸውም። ጥሬው እንቁላል ሆድ ቢያሳምም ግን አይደንቅም። ድምፅን የሚጠብቀው ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ የሚጠጣ ውሃ፣ እንቅልፍና ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ የሚነሣ ትንፋሽ ነው። ከቆላ የመጣችሁ ልጆች ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ፤ ይህች ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት።

«መልክ ያለው ይበቃዋል»

ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ አድማጩ ያየው ፊት አልነበረም። ያም ሆኖ የእነ ፊታውራሪ መሸሻ ነገር የብዙ ቤት ሰው ጆሮ ውስጥ በእሱ ድምፅ ቀርቷል። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

«ለመመዝገቢያ መክፈል የተለመደ ነው»

አይደለም! ይህን የምጽፈው በቁጣ ነው። ከክፍለ ሀገር በአውቶቡስ መጥታ፣ እናቷ በግ ሸጠው የሰጧትን ገንዘብ «ለምዝገባና ለፎቶ» ተቀብሏት የጠፋ ሰው ያለባት ልጅ ፊቴ ተቀምጣ አልቅሳለች። ቢሮው የተከራየ ክፍል ነበር፤ በሳምንቱ ተዘግቶ ተገኘ።

ልዩነቱን ያዙ። ትምህርት ቤት ገንዘብ ይቀበላል፤ በለውጡ ትምህርት ይሰጣል፤ ደረሰኝ ይቆርጣል። ሥራ የሚሰጥ ሰው ግን ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም። ሚና እሰጥሻለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የሚሸጠው ሚና የለውም። «ማታ ብቻሽን ነይ»፣ «ሆቴል ክፍል ውስጥ ነው የምናየው» የሚል ሰውም የሚፈልገው ትወናሽን አይደለም። እውነተኛ ኦዲሽን በቀን፣ ሰው ባለበት ቦታ፣ የሚነበብ ጽሑፍ ተሰጥቶ ይካሄዳል። ጓደኛሽን ወይም ወንድምሽን ይዘሽ ሂጂ፤ በር ላይ ይጠብቅሽ። ይህን የሚከለክልሽ ቦታ ከሆነ ተመለሺ። ለወንዶቹም የምለው ይኸው ነው፤ እናንተም ላይ ይደርሳል፤ ዝም ስለምትሉ ነው የማይሰማው።

«ውል መጠየቅ አለመተማመን ነው»

በእኛ ዘንድ «እንተዋወቃለን አይደል?» የሚል ቃል ብዙ ሥራ አበላሽቷል። በቃል የተነገረኝ ገንዘብ ቀረጻው ካለቀ በኋላ በግማሽ ሲቀንስ፣ የተጣላሁት ከምወደው ሰው ጋር ነው፤ ወረቀት ቢኖረን ኖሮ ዛሬም ወዳጆች ነበርን። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተዋናይን በሥራው ላይ መብት ካላቸው ሰዎች መካከል ይቆጥረዋል። መብቱ እንዴት እንደሚተላለፍ ደግሞ የሚወስነው የፈረምሽው ነገር ነውና ሳታነቢ አትፈርሚ። ክፍያው ስንት ነው፣ መቼ ይከፈላል፣ ስንት የቀረጻ ቀን ነው፣ ሥራው ሌላ ቦታ ቢታይስ? አራቱ ካልተጻፉ ውሉ አላለቀም።

የታወቀ ሰው ሀብታም ነው የሚለውም እዚሁ ይመለስ። ተወዳጁ ፍቃዱ ተክለማርያም በ2010 ዓ.ም. ኩላሊቱ ታሞ ሳለ ሕዝቡ ለሕክምናው ገንዘብ ያዋጣ ነበር። በሀገር የታወቀ ድምፅ የነበረው ሰው ነው። ስለዚህ ሥራ ሲኖር ከሚገኘው ላይ ሥራ ለሚጠፋበት ወር ማስቀመጥ፣ ከተዋንያን ጋር ዕቁብም ቢሆን መግባት፣ ከቻላችሁ ሁለተኛ ሙያ መያዝ ተገቢ ነው። ከባልደረቦቼ ውስጥ መምህር አለ፣ ልብስ ሰፊ አለች፤ መድረኩ ላይ ከማንም አያንሱም።

«ዕድሜዬ አልፏል»

ለ20 ዓመት ልጅ ሚና የሚሻሙ በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ለአባት፣ ለአክስት፣ ለዳኛ፣ ለእድር ሊቀመንበር ሚና ግን አዘጋጆች ሰው ፍለጋ ይንከራተታሉ። አሁን በምንለማመደው ተውኔት ዳኛውን የሚጫወቱት በ58 ዓመታቸው ወደ መድረክ የመጡ ጡረተኛ መምህር ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ጽሑፉን ሁሉ በቃላቸው ይዘው መጡ፤ ጥያቄዬንም ሳልጨርስ መለሱልኝ። ምን እንዳልኳቸው ታውቁታላችሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሁላችንም ግማሽ ሰዓት ቀድመው እየመጡ፣ ባዶው አዳራሽ ውስጥ የእኔን ጥያቄ እንዳነብላቸው ይለምኑኛል፤ ነገ በ10 ሰዓትም እንገናኛለን።