ስኳር ሲበዛ ዓይንን የሚያኖሩት ሴሎች

ሐረር ላይ እንግዳ በሐልዋ ይስተናገዳል። ስለዚህ «ስኳር አለብህ» የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው የአፍ ምክር ነው፤ ይህን ተው፣ ያን ቀንስ። የዓይን ነገር የሚነሳው እይታ ብዥ ማለት ሲጀምር ነው።

ሬቲና የዓይንን ጀርባ ከውስጥ የለበጠ ስስ ሽፋን ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ብርሃን የሚቀበሉት ነርቮች በደጋፊ ሴሎች ይኖራሉ። ዋናው ደጋፊ የሙለር ሴል ይባላል፤ ጀርመናዊው የአናቶሚ ሊቅ ሃይንሪሽ ሙለር በ1851 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። እንደ ቤት ምሰሶ ሬቲናን ከላይ እስከ ታች ይዞ ይቆማል። ነርቮች መልእክት ለማስተላለፍ የለቀቁትን ግሉታሜት የተባለ ኬሚካል ያነሳል፣ የተረፈ ፖታሲየም ያሻግራል፣ ውሃ ያስወጣል። ምሰሶም ነው፣ የቤት ሠራተኛም ነው።

ፔሪሳይቶች ደግሞ ቀጫጭን የደም ስሮችን ከውጭ አቅፈው ይይዛሉ።

በደምና በሬቲና መካከል እንደ ሐረር ግንብ፣ እንደ ጀጎል ያለ አጥር አለ። ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ የዓይኑም አጥር የሚያስፈልገውን መርጦ ያስገባል። ግንቡ የደም ስሩ ሴሎች ናቸው። እንዳይላላ የሚጠብቁት ግን ደጋፊዎቹ ናቸው።

ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ፔሪሳይቶች ቀድመው ከሚሞቱት ናቸው። ያቀፉት ደም ስር እንደ ትንሽ ፊኛ ይነፋና ያፈሳል። የሙለር ሴልም ውሃ ማስወጣት ያቅተዋል። ውሃው ማኩላ ላይ፣ ማለትም ጥርት አድርጎ በሚያየው የሬቲና መሃል ላይ ሲጠራቀም ጋዜጣ ማንበብ፣ የሰው ፊት መለየት ይከብዳል። ኦክስጅን ሲያጥር ደግሞ ይኸው ሴል ቪኢጂኤፍ የተባለ ፕሮቲን ያመነጫል። እኔን የሚገርመኝ እዚህ ጋ ነው። ፕሮቲኑ አዲስ ደም ስር የሚጠራው ለመርዳት ነው። የሚበቅለው ስር ግን ልል ነው፤ ይደማል፣ ጠባሳው ሬቲናን ጎትቶ ሊነቅል ይችላል።

ዓይን ውስጥ የሚወጋው መርፌ የሚያግደው ይህንኑ ፕሮቲን ነው። «ዓይኔን በመርፌ?» ብሎ የማይደነግጥ የለም። ግን ዓይኑ ቀድሞ ይደነዝዛል። ሌዘርም አለ። ስኳርንና ደም ግፊትን መቆጣጠር ደግሞ ጉዳቱን ያዘገያል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዓይን አያምም፤ መጀመሪያ ላይ እይታም አይቀንስም። ስለዚህ ዓይነት ሁለት ስኳር የተገኘበት ሰው ያኔውኑ፣ ዓይነት አንድ ያለበት በአምስት ዓመት ውስጥ ዓይኑን ይታያል፤ ከዚያ በየዓመቱ ገደማ። ለምርመራው ብሌን በጠብታ ይሰፋል፤ ለጥቂት ሰዓታት ብርሃን ይወጋል። ኮፍያና ጥቁር መነጽር ይዛችሁ ሂዱ። በኖራ የተቀባ የጀጎል ግድግዳ በቀትር ፀሐይ እንኳን የሰፋ ብሌን፣ ደህናውንም ያስጨፍናል።