«የሚሽን ትምህርት ቤት» ሲባል

አዲስ ዓለም የምትኖር አንዲት እናት ልጇን ልታስመዘግብ ሄዳ «የሚሽን ነው» ሲሏት ደነገጠች። «ሊያጠምቁብኝ ነው እንዴ?» አለችኝ። ኧረ በፍጹም! ቃሉ የሚነግረን ባለቤቱን፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያን ወይም የሚስዮናውያን ድርጅት መሆኑን እንጂ ትምህርቱን አይደለም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ ይሰጥ ይላል። ግራ የሚያጋባው አንቀጽ 27 ነው፤ አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። ይህ ግን የቆሎ ትምህርት ቤትንና መድረሳን የመሰለውን ነው። ሒሳብና ሳይንስ የሚያስተምረው ሌላ ነው። ያው አንቀጽ ልጅን በራስ እምነት ማሳደግ የወላጅ መብት ነውም ይላል።

ወረቀቱ ይህ ነው፤ ግቢው ግን የራሱ ልማድ አለው። እኔ ብሆን ገንዘብ ሳልከፍል እጠይቃለሁ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ጸሎት አለ? ሂጃብስ? የጁምዓ ሰላት ሰዓትስ? ከሁሉ በላይ ምሳ ዕቃው ያሳስበኛል። ልጆች ተጎራርሰው ነው የሚበሉት። ሽሮ ከሆነ ማንም ግድ የለውም። ቀይ ወጥ የመጣ ቀን ግን ልጁ «ሥጋው የማን እርድ ነው?» ብሎ መጠየቅ ከቤቱ ለምዶ መሄድ አለበት።