«የአትክልት ከተማ» ምንድን ነው? የበርሊን ሠራተኞች ባለቀለም መንደር

ስሙን ብቻ ለሰማ ሰው መናፈሻ ይመስላል። በጀርመንኛ ጋርተንሽታት ይባላል፤ የአትክልት ከተማ ማለት ነው። ጉዳዩ ግን ከአበባው በፊት የመሬት ጉዳይ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1898 በመጽሐፍ ያወጣው እንግሊዛዊው ኤቤኔዘር ሃዋርድ ነው። መሬቱ የጋራ ይሁን፣ ዋጋው ሲጨምር ጥቅሙ ለደላላ ሳይሆን ለነዋሪው ይመለስ ነው ያለው።

ጀርመኖች ሐሳቡን ወዲያው ተቀበሉት። በ1902 የአትክልት ከተማ ማኅበር አቋቋሙ። ምክንያት ነበራቸው። የበርሊን ሠራተኛ የሚኖረው «የኪራይ ካምፕ» እያሉ በሚጠሯቸው ፎቆች ውስጥ ነበር። ፎቁ ከፊት ያምራል፣ ከኋላው ግን ግቢ በግቢ ላይ ተደራርቦ ጨለማ ነው። የ1853ቱ የግንባታ ደንብ ግቢው ቢያንስ 5.34 ሜትር በ5.34 ሜትር ይሁን ይላል። ልኩ የተወሰደው የእሳት አደጋ ጋሪ እንዲዞርበት ተብሎ ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሳያይ ስለሚያድገው ልጅ ያሰበ አልነበረም። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል።

ታዲያ በ1910 አንድ የቤቶች ኅብረት ሥራ ማኅበር ተመሠረተ። ዛሬ የበርሊን ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ በሆነው ግሩናው አጠገብ፣ ፋልከንበርግ በተባለ ቦታ፣ ለአባላቱ መንደር መሥራት ጀመረ። አርክቴክቱ ወጣቱ ብሩኖ ታውት ነው። የአትክልቱን ሥራ ሉድቪግ ሌሰር ያዘ። ቤቶቹ ዝቅ ያሉ፣ ጎን ለጎን የተያያዙ ናቸው። ከኋላቸው ጓሮ አላቸው። ጓሮው ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ድንችና ጎመን ይተከልበታል።

ገንዘቡ ትንሽ ነበር። ቅርጻ ቅርጽና ጌጥ አይታሰብም። ታውት ግን ቀለም ርካሽ መሆኑን አስተዋለ። አንዱን ቤት ቀይ፣ ቀጣዩን ደማቅ ሰማያዊ፣ ሌላውን ቢጫ፣ አረንጓዴ አደረገው። የዘመኑ ሰው ደነገጠ። «የቀለም ሳጥን ሰፈር» ብለው ሳቁበት፤ ስሙም እስከ ዛሬ ቀረ። ለእኔ ግን የዚህ መንደር ትልቁ ነገር ይኸው ቀለም ነው። ድሃ ነው ተብሎ ግራጫ ቤት አልተሰጠውም። ሠራተኛው ከፋብሪካ ሲመለስ ቤቱን ከሩቅ በቀለሙ ያውቀዋል።

የታቀደው ወደ 1,500 መኖሪያ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣና ሥራው ቆመ። ከ1913 እስከ 1916 የተሠሩት 128 ብቻ ናቸው። ታውት ራሱ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በ1933 አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በጃፓን ቆይቶ በ1938 ኢስታንቡል ውስጥ አረፈ።

ጀርመን ከተዋሐደች በኋላ ግድግዳዎቹ የጥንት ቀለማቸውን መልሰው አገኙ። በ2008 ዩኔስኮ ፋልከንበርግን ከሌሎች አምስት የበርሊን ሰፈሮች ጋር በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ከስድስቱ ቀዳሚው እሱ ነው። ቤቶቹ ዛሬም የኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት ናቸው። ነዋሪው የማኅበሩ አባል ሆኖ ኪራዩን ይከፍላል፤ ቤቱን በገበያ የሚቸበችበው የለም።