የዲፕሎማት ያለመከሰስ መብት ምንድን ነው?

«ዲፕሎማት ስለሆነ ሕግ አይነካውም» የሚለው አባባል ሰሞኑን እንደገና ሲዘወተር አያለሁ፤ አንድ አስተያየት ሰጪማ መብቱን ለአምባሳደሮች በግል የተሰጠ የወንጀል ፈቃድ አስመስሎ አቅርቦታል። ይህ ፍጹም ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. የ1961ዱ የቪየና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት በመግቢያው የመብቱ ዓላማ ግለሰብን መጥቀም ሳይሆን ሚሲዮኑ (ኤምባሲው) ሥራውን በብቃት እንዲያከናውን ማስቻል መሆኑን ይገልጻል፤ አንቀጽ 41 ደግሞ ዲፕሎማቱ የተቀባዩን፣ ማለትም የተመደበበትን፣ አገር ሕግ እንዲያከብር ያስገድደዋል። ሕጉ ይገዛዋል፤ የተከለከለው የዚያ አገር ፖሊስ እንዳያስረው፣ ፍርድ ቤቱም በወንጀል እንዳይዳኘው ነው።

መብቱ የመሥሪያ ቤት መኪናን ይመስላል፤ ዲፕሎማቱ ይገለገልበታል እንጂ ባለቤቱ የላከው መንግሥት ነው። ስለዚህ ዲፕሎማቱ «ልከሰስ» ብሎ በገዛ ፈቃዱ ሊተወው አይችልም፤ መንግሥቱ ግን እርሱ ባይወድም ያነሣበታል። እ.ኤ.አ. በ1997 የጆርጂያ ኤምባሲ ከፍተኛ ዲፕሎማት በዋሺንግተን ጠጥቶ ሲያሽከረክር የአንዲት የ16 ዓመት ልጅ ሕይወት የጠፋበትን አደጋ ባደረሰ ጊዜ፣ መንግሥቱ መብቱን አነሣ፤ ሰውየውም በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ ታሰረ። አንድ ዲፕሎማት ምደባው አብቅቶ የተቀባዩን አገር ለቆ ሲወጣ ደግሞ ቁልፉን ያስረክባል፤ ለመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ በነዳው መንገድ፣ ማለትም በይፋዊ ተግባሩ፣ ከዚያም በኋላ አይጠየቅም፤ በግሉ የፈጸመው ግን ሊያስከስሰው ይችላል።

ዲፕሎማቲክ ፓስፖርት መያዝ ብቻውን ይህን መብት አያስገኝም። ለንደን የተመደበ የኤምባሲ ጸሐፊ ለዕረፍት ሮም ቢሄድ፣ እዚያ እንደማንኛውም ጎብኚ ነው። ቆንስልን፣ ማለትም በውጭ አገር ከተማ የዜጎችን ጉዳይ የሚያስፈጽም ሹምን፣ ከአምባሳደር እኩል ማየትም አይገባም። በጅዳ ወይም በዱባይ ባሉት የኢትዮጵያ ቆንስላዎች የሚያገለግል ሹም በእ.ኤ.አ. የ1963ቱ የቆንስላ ስምምነት የሚጠበቀው በይፋዊ ሥራው ለፈጸመው ብቻ ነው፤ በከባድ ወንጀል ከተጠረጠረ በፍርድ አካል ውሳኔ ሊታሰር ይችላል። ሁለት አገሮች በመካከላቸው ሰፋ ያለ ጥበቃ ከተዋዋሉ ግን ሁኔታው ይለያል።

ላኪው መንግሥት መብቱን አላነሣም ካለ፣ ተቀባዩ አገር ምክንያት ሳይሰጥ ዲፕሎማቱን «ፐርሶና ኖን ግራታ» (የማይፈለግ ሰው) ብሎ ሊያስወጣው ይችላል። የገዛ አገሩ ፍርድ ቤት ግን ሥልጣኑን አያጣም፤ አንቀጽ 31 ይህን በግልጽ ጽፎታል። ምስክርና ማስረጃ ባሕር ማዶ ስለሚቀሩ ክሱን መመሥረት አስቸጋሪ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም የተጎጂ ቤተሰብ «ለምን አልተከሰሰም?» ብሎ መጠየቅ ያለበት መብቱን የያዘውን፣ አጥፊውንም በአገሩ መክሰስ የሚችለውን መንግሥት ነው።