ሲዲኤፍ 1 ሲሆን ምን ማለት ነው?

ፋርፊልድ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ሶፍትዌር ነው። የአውሮፕላን መንደርደሪያ ንጣፍ ምን ያህል መወፈር እንዳለበት ያሰላል። ውጤቱ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግረው ሲዲኤፍ የሚባለው ቁጥር ነው።

ሲዲኤፍ የተጠራቀመ ጉዳት መለኪያ ነው። በዲዛይን ዘመኑ፣ ማለትም ንጣፉ እንዲያገለግል በታቀደለት ጊዜ፣ የሚጠበቀው የጭነት ምልልስ፣ ንጣፉ እስኪበላሽ ሊሸከመው ለሚችለው ምልልስ ይካፈላል። ይህ ለእያንዳንዱ የአውሮፕላን ዓይነት ይሠራና ይደመራል።

ድምሩ 1 ከሆነ ንጣፉ አቅሙን የሚጨርሰው ልክ በዲዛይን ዘመኑ ማብቂያ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ 20 ዓመት ነው። ስለዚህ 1 ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ ሶፍትዌሩ ውፍረቱን እየቀያየረ የሚፈልገው ራሱ ይህን ቁጥር ነው። ከ1 በላይ ቢሆንም ንጣፉ በማግስቱ ይፈርሳል ማለት አይደለም። ዕድሜው ከታሰበው ቀድሞ ያልቃል።

የሶፍትዌሩ የውጤት ሠንጠረዥ ላይ ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። የየአውሮፕላኑን ከፍተኛ ሲዲኤፍ ብትደምሩት ከ1 ሊበልጥ ይችላል። ስህተት አይደለም። የአውሮፕላኖች ጎማ ከመሃል መስመሩ ያለው ርቀት ስለሚለያይ ሁሉም ንጣፉን አንድ ቦታ ላይ አይጎዱትም። ሶፍትዌሩ ንጣፉን በቀጫጭን ሰቅ ከፍሎ፣ ድምሩ የበዛበትን ሰቅ ይወስዳል።

አውሮፕላኖቹ በጉዳቱ ውስጥ ያላቸው ድርሻም በጣም ይራራቃል። አልፎ አልፎ የሚመጣ ከባድ አውሮፕላን በየቀኑ ከሚመላለሱት ቀላሎች የበለጠ ሊጎዳ ይችላል። እባካችሁ የእሱን ክብደትና የበረራ ብዛት በግምት አትሙሉ።