ኮምፓክታ ቦልድ ኢታሊክ

ኮምፓክታ ቦልድ ኢታሊክ ለርዕስ፣ ለፖስተርና ለማስታወቂያ የሚውል፣ ደማቅ፣ ጠባብና ወደ ቀኝ ያዘነበለ የላቲን ፎንት ነው። የኮምፓክታን ቤተሰብ (በውፍረትና በዝንባሌ የሚለያዩ ተዛማጅ ፎንቶችን) የነደፈው ፍሬድ ላምበርት ሲሆን፣ የእንግሊዙ ኩባንያ ሌትራሴት በ1963 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበው። ኩባንያው ከሌላ ሳይቀዳ ለራሱ ካስነደፋቸው ፎንቶች የመጀመሪያው ነው።

መነሻው የስዊዘርላንዱ ቫልተር ሄተንሽቫይለር በ1954 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሽማልፌተ ግሮቴስክ እንደሆነ ይነገራል፤ መመሳሰላቸውም ግልጽ ነው። ይሁንና ያኛው ትልልቅ ፊደሎች ብቻ ነበሩት። ላምበርት ትንንሾቹንም ጨምሮ የተሟላ ቤተሰብ አድርጎታል።

የላቲኑ ኦ እዚህ ክብ አይደለም፤ ጥጎቹ የዞሩ ቀጥ ያለ ሳጥን ነው፣ መሃሉም ስንጥቅ ያህል ይጠባል። ትንንሾቹ ፊደሎች ቁመታቸው ለትልልቆቹ ስለሚቀርብ መስመሮችን አጠጋግቶ መደርደር ይቻላል። መጠኑ በጣም ሲያንስ ግን ስንጥቆቹ በቀለም ይደፈናሉ፤ በጥቁር መደብ ላይ በነጭ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል።

የኩባንያው ስም የዘዴውም መጠሪያ ሆኗል፤ ሌትራሴት ማለት በፕላስቲክ ወረቀት ላይ የታተሙ ፊደሎችን እያሹ ወደ ሥራ ወረቀት ማሳለፍ ነው። ውሃ የማያስፈልገው ደረቁ ዓይነት የመጣው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። መጀመሪያ የማተሚያ ቤት ካሜራ በማያነሳው ቀላል ሰማያዊ እርሳስ መነሻ መስመር ይሰመራል። ለኢታሊክ ይህ አይበቃም፤ በፊደሉ ዝንባሌ ልክ ሁለት ሦስት ጋዳላ መስመሮች ካልተጨመሩ የየመስመሩ መጀመሪያ የተንጋደደ ይመስላል። ከዚያ የማይፈለጉት ፊደሎች እንዳይለጠፉ ከፊደሎቹ ወረቀት ጋር የሚመጣው መከለያ ወረቀት ከሥራቸው ይገባል፣ ፊደሉም ከጫፍ ጀምሮ በድፍን ጫፍ መሣሪያ በስሱ ይታሻል። የታሸው ክፍል ግራጫ ይሆናል። ሙሉው ግራጫ ሳይሆን ወረቀቱ ከተነሳ ፊደሉ ይቀደዳል፤ ኮምፓክታ ድፍን ጥቁር ስለሆነ ከቀጫጭኖቹ ይልቅ ይህ ያጠቃዋል። ቀዳዳውን በቀጭን ብሩሽና በጥቁር ቀለም መድፈን ይቻላል። የተሳሳተ ፊደል በፕላስተር ተጭኖ ይነሳል። በመጨረሻ መከለያውን ከላይ አድርጎ እንደገና ማሸት ያስፈልጋል፤ ያረጀና የደረቀ ወረቀት ግን የቱንም ያህል ቢጠነቀቁለት ይሰነጠቃል።

ዛሬ በዲጂታል ይሸጣል። ቀጥ ያለውን ቦልድ በኮምፒውተር አጋድሞ ኢታሊክ ማስመሰል ያስነቅፋል፦ በላቲኑ ኤ የግራው እግር ይቀጥናል፣ የቀኙ ይወፍራል።

የግዕዝ ፊደል የለውም፤ አማርኛ ሲጻፍበት ኮምፒውተሩ ሌላ ፎንት ይተካል። አማርኛን ከላቲኑ ጎን ለጎን ለማስቀመጥ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው የግዕዝ ፎንት ጠባብና ደማቅ አማራጮች አሉት፣ ኢታሊክ ግን የለውም። በጠባቡ ስፋት ከሁሉ ከወፈረው «ብላክ» ይልቅ «ቦልድ» ይመረጥ፤ አለበለዚያ የጠ እና የሐ ሦስት እግሮች መሃል ይደፈናል።